ኤል ሼፕ ሶፋ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ትራንስክሪፕቴን ኮፒ አስደርጌ ስመለስ የቤታችንን በር ከፈትኩና... መልሼ ዘጋሁት። ቤት የተሳሳትኩ መስሎኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና እናቴ ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። እሷ መታጠፊያው ላይ አቮካዶና ሙዝ ትሸጣለች። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ለአንድ የውጭ ስኮላርሺፕ አመልክቼ ነበር። ለማመልከት ደግሞ ፐርሰናል ስቴትመንት የሚሉት ነገር አለ... ማን እንደሆንሽ፣ እንዴት እንዳደግሽ፣ ለምን እንደሚገባሽ በራስሽ ቃል የምትጽፊው። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ ኑሯችንን እንዳለ ጻፍኩት። በእንግሊዝኛ ስለሆነ እናቴ አላነበበችውም። ምን እንደጻፍኩም አልነገርኳት።

የመጀመሪያውን ማጣሪያ አለፍኩ! ከዚያ ተደወለልኝ። «ቅዳሜ አንዲት ባልደረባችን ቤታችሁን ልታይ ትመጣለች። የጻፍሽውን ማረጋገጥ ስላለብን ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ለእናቴ «ከስኮላርሺፑ እንግዳ ትመጣለች» ብቻ ብዬ ነገርኳት።

እናቴ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማችው «እንግዳ» የሚለውን ብቻ ነው።

በሩን እንደገና ከፈትኩት። ኤል ሼፕ ሶፋ! ከግድግዳ እስከ ግድግዳ! መሬቱ ላይ ምንጣፍ፣ ጥግ ላይ ፍላት ስክሪን ቲቪ፣ መስኮቱ ላይ የሚያብረቀርቅ መጋረጃ... የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነባ ሳሎን እንዳለ ተነቅሎ እኛ ቤት ገብቷል። የእኛ ፍራሽና ዕቃ ጓሮ ተደብቋል። እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ መሀል ላይ ቆማ ፈገግ ትላለች።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ዘይነባ ናት፣ ጌታ ይባርካት። ባሏ ከሱቁ ሰዎች ጋር ተሸክመው አምጥተው ደረደሩልኝ። እንግዳ ባዶ ቤት ይቀበሉታል እንዴ?»

«እማዬ... ባዶ መሆኑን ልታይ እኮ ነው የምትመጣው!»

አልገባትም። ላስረዳት አፌን ስከፍት ውጭ ባጃጅ ቆመ።

እንግዳዋ ፈገግተኛ፣ ትሁት ወጣት ናት። እናቴ እጇን ይዛ አስገብታ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ቲቪውን አየች፣ መጋረጃውን አየች፣ ታብሌቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። 

«እማማ፣ ኑሮ እንዴት ነው? የሚቸግርዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

«ኧረ ጌታ ይመስገን! ምንም የጎደለብን የለም!»

ክው አልኩ። ቸርች ሲጠይቋትም እንዲሁ ነው የምትለው። ለእሷ ጎደለኝ ማለት እግዚአብሔርን ማማት ነው። ግን ዛሬ?! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የእንግዳዋ ፈገግታ ጠፋ። «ልጅዎት የጻፈችው ግን ሌላ ነው» አለች።

«ምን ብላ ጻፈች?»

ለምን እንዳላስቆምኳት እስካሁን አላውቅም።  ልጅቷ ታብሌቷን ከፍታ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብላት ጀመር።

«የማጠናበት ጠረጴዛ የለኝም። ጠረጴዛዬ እናቴ ሙዝ የምትሸጥበት ሳጥን ነው፤ ስለዚህ ሸጣ እስክትገባ እጠብቃለሁ። ቤታችን ሰው ሲመጣ እናቴ በር ላይ ቆማ ነው የምታናግረው። ልወጣ ስል ነው የመጣችሁት ትላቸዋለች። የምትሄድበት ግን የለም። እንግዳ ማስቀመጫ ስለሌለን ነው። እኔ የማላውቅ ይመስላታል...»

 እናቴ ወደ እኔ አልዞረችም። እጆቿን አጣምራ የሰው ምንጣፍ ላይ አፍጥጣ ቀረች። ያን ሁሉ ዓመት የደበቀችኝን ነገር በማታውቀው ሰው አፍ ስትሰማው... እናቴን አዋረድኳት ብዬ አንጀቴ ተቃጠለ። ስኮላርሺፑም እናቴም ባንዴ ከእጄ ወጡ አልኩ በልቤ።

ድንገት ብድግ አለች። «ተነሺልኝ፣ ልጄ» አለቻት እንግዳዋን።

አባረረቻት! እኔም አብሬ ብድግ አልኩ። እናቴ ግን እኛን ትታ ወደ አጥሩ ሄደችና ድምጿን ከፍ አድርጋ ተጣራች።

«ዘይነባ! ነይ ሶፋሽን ውሰጂ!»

እትዬ ዘይነባ ካጥሩ በላይ ብቅ አለች። «ምነው በሰላም? እንግዳሽ ሄደች እንዴ?»

«አልሄደችም። ቤቴን ልታይ ነው የመጣችው።»

እንግዳዋ ታብሌቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ደጅ ቆመች። የተቀመጠችበት ሶፋ፣ ቲቪው፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው ሳይቀር በዘይነባ ባልና በሱቁ ሰዎች ትከሻ በፊቷ ወጡ። ሶፋው በበሩ አላልፍ ብሎ እትዬ ዘይነባ «ቀስ! ቀስ በሉ!» እያለች ስትጮህ እንኳን ልጅቷ አፏን ከፍታ ታያለች። እኔም ከእሷ አልተሻልኩም።

ቤቱ ባዶ ሲሆን እናቴ ከጓሮ ሳጥኗን አመጣች። በክት ቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። መሀል ላይ አስቀመጠችና በሩ ላይ ወደ ቆመችው እንግዳ ዞረች።

«ግቢ ልጄ፣ ቁጭ በይ። የኛ ይሄ ነው።»

እናቴ በራሷ ዕቃ ሰውን «ግቢ» ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አለቀስኩ፣ አልዋሻችሁም። እንግዳዋም ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ስትጠራርግ አይቻለሁ።

ውጤቱ ገና አልተነገረም። እናቴ ግን ከእንግዲህ ስለ እሷ የምጽፈውን ሁሉ መጀመሪያ እንዳነብላት አስጠንቅቃኛለች። ይሄንንም ከመለጠፌ በፊት አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ አለች...

«ሶፋው የዘይነባ መሆኑን ግን ለአገር ሁሉ ምን አስወራሽ?»