ፉርሽካው ከቤት የወጣበት ጠዋት

ትናንት እናቴ ለፔሳሕ፣ ለፋሲካችን፣ ቤት ስታጸዳ ከመጋረጃው እጥፋት አንዲት ግራጫ የእሳት እራት ወጣች። እናቴ መጥረጊያ አላነሳችም። መስኮቱን ከፈተችላት። እኔም ታላቅ ወንድሜን፣ አስማረን፣ አስታወስኩ።

ያኔም እዚሁ ቤርሼቫ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር ነበርን። አስማረ በረንዳው ላይ የእሳት እራት ያረባ ነበር። ፉርሽካ በማር ለውሶ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ይጨምራል፤ እዚያ ነጫጭ ትሎች ይፈለፈላሉ። ትሎቹን የሚበላው ሻለቃ የሚባለው ባለ ነጠብጣብ እንሽላሊቱ ነው። በረንዳችን ማር ማር ይሸት ነበር።

የመጨረሻው ደህና ቀን ለፔሳሕ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። በበዓሉ እርሾም ሊቦካ የሚችል ስንዴም ቤት ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ የቀረውን ዱቄት ለመጨረስ ጠዋትም ማታም ዳቦ እንበላለን።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ብል ከልብስ ሳባርር ኖርኩ» አለች እናቴ። «አንተ በጠርሙስ ታረባልኛለህ። ያውም በስንዴ ፉርሽካ። በዓሉን እዚህ ቤት አይውልም።»

«ኢማ፣» አላት አስማረ፣ «ሰምም ይበላሉ እኮ። ሰም ስንዴ የለበትም።»

በባቡር ለሃቪም ወደምትባል ከተማ ሄደ። ንብ የሚያረቡ አንድ ሽማግሌ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ጥቁር፣ አሮጌ ሰፈፍ በከረጢት ይዞ መጣ።

«አሁኑኑ እናዛውራቸው» አልኩት።

«ነገ ጠዋት። አንድ በአንድ ነው የሚለቀሙት።»

«ክንፍ ያወጡትስ ምን ይበላሉ?»

«ምንም። አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው የሚኖሩት። ከእነሱ ብትማር ጥሩ ነበር።»

እናቴ ሳቀች። እሱም «ኢማ፣ ነገ ጠዋት አንዲት ፍሬ ፉርሽካ አታገኚም፤ ቃሌ ነው» አላትና ዳቦውን እየገመጠ ለማታ ፈረቃ ወደ ፋብሪካ ወጣ።

መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። ጎህ ሲቀድ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መርዶ ይዘው መጡ። ያንን ሰዓት መጻፍ አልችልም።

ፀሐይ ስትወጣ ቤቱ በሰው ተሞላ። እኔ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። በቀጭን ብሩሽ ትሎቹን ከፉርሽካው ወደ ሰፈፉ አዛውር ጀመር። ጥቂቶቹ ከብሩሹ ይወድቃሉ። የወደቁትን ሻለቃ በላቸው፤ እሱ ሐዘን አያውቅም። አጎቴ መጥቶ ከበላዬ ቆመ።

«ምን እያደረግህ ነው፣ ልጄ?»

«ነገ ጠዋት ብሎ ነበር።»

አጎቴ የክት ኮቱን አወለቀ፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በወፍራም ጣቶቹ ይለቅም ጀመር። አንዷን ትል በጣም ሲጠነቀቅላት አይቼ፣ በዚያ ቀን፣ ሳቄ መጣ። ከዚያ ፉርሽካውን ይዤ ወረድኩና ጣልኩት።

ዘንድሮ አስማረ የሞተበት ዕድሜ ላይ ደረስኩ። ሻለቃ አርጅቷል፤ ጠርሙሶቹም አሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ፉርሽካ እጨምርባቸዋለሁ። ትናንት እናቴ መስኮቱን ስትዘጋ «ፉርሽካውስ?» አለችኝ።

«ነገ ጠዋት» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና መጋረጃዋን ማጠፍ ቀጠለች። ዛሬ ጠዋት አወጣሁት።