ከግድግዳው ሁለት እርምጃ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ በስልኳ ልታነሳኝ ሳሎን ውስጥ አቆመችኝ። አንዴ አነሳችኝና ፊቷን አጨማደደች። «እማማ፣ ግድግዳው ላይ ጥላሽ እየወጣ አስቸገረኝ። እስቲ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ነይ» አለችኝ። አንዱን ተራመድኩ። ሁለተኛውን ሳልራመድ ሶፋው ላይ ዘጭ አልኩ። ስኳሬ የወረደ መስሏት ለስላሳ ልታመጣ ሮጠች። ስኳር አልነበረም።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ዘመኑም ደርግ። ቤታችን መካኒሳ ነበር፣ ክረምት ሲሆን ጫማ በእጅ ይዘው የሚገቡበት ሰፈር። እኔ ሳር ቤት አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ፊልም አጥባለሁ፣ ፎቶ አትማለሁ። እማዬ እሸት በቆሎ ጠብሳ ትሸጣለች። ታናሽ ወንድሜ ግርማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊገባ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ወሬው ከቁመቱ የረዘመ፣ ሲስቅ ጎረቤት የሚሰማው ልጅ ነበር።

በዚያ ክረምት አፈሳው ባሰ። ጎረምሳ ከመንገድ ላይ እየታፈሰ ለብሔራዊ ውትድርና ይጫናል። የተማሪ መታወቂያ ያሳየ ይለቀቃል ይባል ነበር። የግርማን መታወቂያ ግን እማዬ ከሱሪው ጋር አጥባው፣ ከኪሱ የወጣው ሊጥ የመሰለ ወረቀት ነበር። አዲስ ለማውጣት ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል። ፎቶ ቤት እንዳይሄድ መንገድ ላይ ያፍሱታል። ስለዚህ ለሰፈሩ ሁሉ «ወሊሶ አጎቱ ጋ ሄዷል» ብለን አወራንና ቤት ውስጥ ደበቅነው። አንድ ወር ሙሉ ያ ሳቅ ትራስ ውስጥ ታፈነ።

መስከረም ጠብቶ ምዝገባ ሲጀመር፣ የፎቶ ቤቱን ካሜራ ከነፍላሹ ለምኜ አመጣሁ። በሩን ዘግተን ግርማን አቆምኩት። የእኛ ሰው ፎቶ ሲነሳ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ካልተደገፈ የተነሳ አይመስለውም። እኔም የሙያው ሰው ነኝ ባይዋ ያንኑ አደረግኩ። ሳትመው ከጆሮው ጀርባ ጥቁር ጥላ ተጋድሟል፣ ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ ይመስላል።

«ምን አለበት? ለመታወቂያ እኮ ነው፣ ለሠርግ አይደል» አለ ግርማ።

«አይቀበሉህም» አልኩት።

«ወስደሽ ሞክሪው፣ እምቢ ካሉ ያኔ ታነሺኛለሽ።»

«ፎቶ ቤት እየሠራሁ ይህን ይዤ ሰው ፊት አልቆምም!»

ዛሬ ሳስበው ፍርሃትም ነበር፣ ኩራትም ነበር። የትኛው እንደበለጠ ግን አውቃለሁ።

አለቃዬ ጋሽ በላቸው ፎቶውን አይተው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ፍላሹን ተይው። ሰውየውን ከግድግዳው ሁለት እርምጃ አርቂና በበር ብርሃን አንሺው። በጨለመው ጎኑ ነጭ አንሶላ ይያዝለት፣ ብርሃኑን ይመልስለታል። ጥላው ወለል ላይ ይወድቅና አይታይም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እኔም በር መክፈት ለእኛ አደጋ እንደሆነ አልነገርኳቸውም፣ እሳቸውም ቤት ውስጥ የተደበቀ ሰው እንዳለ አያውቁም።

ረቡዕ ለምሳ ስመጣ አነሳሁት። ክፍላችን ጠባብ ናት፣ ግማሹን አልጋው ይዞታል። ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ሲርቅ ግርማ በሩ አፍ ላይ ደረሰ። ዱካ ላይ አስቀመጥኩት፣ እማዬ በስተቀኙ አንሶላ ዘረጋች። በሩን ከፈትኩት።

የዚያን ፊት ነገር እንዴት ልንገራችሁ! አንድ ወር ፀሐይ ያላየ ፊት ብርሃኑን ጠጣው። ከኋላው ያለው ኖራ ቅብ ግድግዳ ንጹሕ ነጭ ሆነ። አንዱን አነሳሁ። ሁለተኛውን ልደግም ስል ደመና መጣ።

«በቃ ዝጊው» አለች እማዬ።

«ትንሽ ነው፣ አሁን ያልፋል።»

«ዝጊው አልኩሽ እኮ! ሰው ያልፋል!»

«አንዴ ብቻ እማዬ፣ በሞቴ።»

ግርማ እንዳዘዝኩት አገጩን ቀና አድርጎ ደመናውን ይጠብቃል። ደመናው ሲገለጥ አነሳሁት፣ ካሜራውን ከዓይኔ ሳወርድ በአጥራችን ክፍተት አንድ ሰው ቆሟል። የቀበሌው ጥበቃ ነው፣ ከእማዬ በቆሎ የሚገዛ፣ ሁላችንንም በስም የሚያውቅ ሰው።

«ኧረ ግርማ! ከወሊሶ መቼ መጣህ?» አለ በፈገግታ።

«ዛሬ... ጠዋት» አለ ወንድሜ።

«እሰይ፣ እንኳን ደህና ገባህ።» ሄደ።

በሩን ዘጋነው። እማዬ አንሶላውን አፏ ላይ ጫን አድርጋ ተቀመጠች። «ጥሩ ሰው ነው፣ አይናገርም» አልኩ። ደጋግሜ አልኩት። እማዬ ያንኑ ቀን ወደ ሌላ ዘመድ እናሻግረው ስትል «ነገ መታወቂያውን ይዤለት እመጣለሁ» ብዬ የተከራከርኩትም እኔው ነኝ። ከዚያ ፊልሙን ይዤ ሥራ ገባሁ። ጨለማው ክፍል ውስጥ ወረቀቱን ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ሳወዛውዘው የግርማ ዓይኖች ብቅ አሉ፣ ከዚያ አፍንጫው፣ ከዚያ ያ ሳቁን የያዘበት ከንፈሩ። አንድም ጥላ የለም። ብቻዬን አጨበጨብኩ! ወይ እኔ፣ ባጨበጨብኩባት ሰዓት ነው የወሰዱት።

ቤት ስደርስ ዱካው ተገልብጧል፣ እማዬ ጭቃው ላይ ተቀምጣለች።

በማግስቱ መታወቂያውን አሳይቼ አስለቅቀዋለሁ ብዬ ትምህርት ቤት በረርኩ። መዝጋቢው መነጽር ያደረጉ አዛውንት ናቸው። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ዘወር አድርገው አደነቁ። «ማን ነው ያነሳው? እንዲህ ጥርት ያለ አምጥተውልኝ አያውቁም» አሉ።

«ጥላ ያለበት አይቀበሉም ብዬ ነው» አልኳቸው።

መሳቢያቸውን ሳቡ። የተማሪዎች ጉርድ ፎቶ ሞልቶበታል፦ ጆሮው ጥላ የዋጠው፣ ግማሽ ፊቱ የጨለመ፣ አንዱማ ከበግ ጋር ተነስቶ በጉ የተቆረጠበት።

«ልጄ፣ መልኩ ከታወቀ ምን እንፈልጋለን?» አሉና ማኅተሙን መቱልኝ።

መታወቂያውን ጨብጬ የታፈሱት ወደተሰበሰቡበት ግቢ ሮጥኩ። መኪኖቹ ሌሊቱን ወጥተዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከግርማ አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ምንም አልመጣም። ቆይተን ተስፋ ስንቆርጥ ለቅሶ ተቀመጥን።

እማዬ ያንን ፎቶ አሳድጋ አሳተመችና ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ እጁን ይዛ ፊቱ ታቆመውና «እህቱ ናት ያነሳችው፣ እዩት፣ ምንም ጥላ የለበትም» ትላለች። እኔ ጓዳ ገብቼ ጆሮዬን እይዛለሁ። በሩን መዝጋት ስላዘገየሁ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። «መታወቂያው ግድ ነበር፣ ምን ታደርጊ» ትለኝ ነበር። መዝጋቢው ያሉኝን ግን አልነገርኳትም። አስታምሜያት፣ እጇ እጄ ውስጥ ሆኖ እስክታርፍ ድረስ አልነገርኳትም።

የልጅ ልጄ ለስላሳውን ከፍታ አጠጣችኝ። «አሁን ተሻለሽ? ያነሳሁት ጥላ ቢኖረውም ይሆን ይሆናል፣ ወስጄ ልሞክረው?» አለችኝ።

«ውሰጂው ልጄ» አልኳት። «ጠይቂያቸው። መጀመሪያ ጠይቂያቸው።» ማልቀሴ ለምን እንደሆነ አልገባትም።