የእትዬ ሙሉጌጥ ደብተር

እትዬ ሙሉጌጥ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ውስጥ፣ ከእኔ ኢንተርኔት ቤት ሦስት በር አለፍ ብላ ስድስት ኮምፒውተር ደርድራ ስትከፍት፣ በሃምሳ ዓመቷ ምን ልትሠራበት ነው ብዬ ስቄባት ነበር። ሳቄ ዓመት አልቆየም። ደንበኛዬ ሁሉ ወደ እሷ ነጎደ።

ምክንያቱ አንድ ደብተር ነው። ኢሜይል መክፈት ለማይችል ሰው ራሷ ትከፍትለትና ስሙን፣ አድራሻውንና ፓስወርዱን በአንድ መስመር ትጽፍ ነበር። ሰውየው ፓስወርዱን ሲረሳ (ሁሉም ይረሳል) ሌላውን መስመር በመዳፏ ሸፍና የእሱን ብቻ ታሳየዋለች። ይህን የሰማ ሕዝቅያስ የሚባል የኮምፒውተር መምህር እብደት ነው ብሏት ነበር። እኛ ዘንድ ግን አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ የማንም ደብዳቤ በማንም እጅ አልገባም።

በ1999 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አቶ ይልማ የሚባል ሰው መጣ። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ሲጠየቅ «ከበላይ አካል» ይላል እንጂ ሌላ መልስ የለውም። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ኢንተርኔት ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ ስሙ፣ ቀበሌው፣ የገባበት ሰዓትና የከፈተው ድረ ገጽ ይመዝገብ፤ መዝገቡ በየዓርቡ ይሰበሰባል፤ እምቢ ያለ ቤቱ ይታሸጋል። እኔ ፈረምኩ። የልጆች አባት ነኝ አልኩ፤ ፈሪ ምክንያት አያጣም።

እትዬ ሙሉጌጥ አልፈረመችም። ልመክራት ሄድኩ።

«በደርግ ጊዜ የቀበሌ ታይፒስት ነበርኩ» አለችኝ። «ስም ይሰጡኛል፣ እተይባለሁ። ለስኳር ራሽን ነው ይሉኝ ነበር። በአንዱ ዝርዝር ላይ ከተየብኳቸው አሥራ አንዱ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። አንደኛው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ እናቱን እስክትሞት ድረስ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ከእንግዲህ የሰው ስም ለማንም አልሰጥም፣ ግዛቸው።»

«ኧረ እትዬ፣ ዘመኑ ሌላ ነው እኮ! ቤትሽን ያሽጉታል።»

«ያሽጉት!»

ወር ሳይሞላ መምህር ሕዝቅያስ ተያዘ። መንግሥት የዘጋውን የዜና ድረ ገጽ እኔ ቤት በሌላ መንገድ ከፍቶ ሲያነብ እኔ ራሴ አይቼ፣ በራሴ እጅ መዝግቤው ነበር። አራት ቀን ታስሮ ወጣ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን አልመለሰም፤ አልፈረድኩበትም።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር። አቶ ይልማ መዝገቤን እያገላበጠ «ያቺ ሴትዮ እስከ መቼ ትቀልዳለች? አንድም የጽሑፍ ነገር የላትም?» ሲለኝ ፈራሁ። «መዝገብ የላትም እንጂ የሁሉም ፓስወርድ ያለበት ደብተር አላት» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ከሰዓት መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሎ ወጣ።

ሮጬ ሄጄ ያደረግኩትን ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ስድቡ በተሻለኝ ነበር። እሷ ግን መቀስ አነሳች።

«በል ያበላሸኸውን አብረን እናቅና። ሂድና ደብተሩ ላይ ያሉትን ሰዎች ጥራልኝ።»

ባጃጅ ይዤ ታቦር ወጣሁ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማንም ዞርኩ። ነጋዴው፣ ጡረተኛው፣ ተማሪው እየተንጋጋ መጣ። እሷ የእያንዳንዱን መስመር እየቆረጠች ለባለቤቱ ሰጠች። ሩሀማ የምትባል ነርስ ቁራጯን እዚያው አኝካ ዋጠችው፤ በዚያ ጭንቅ መሀል ሳቅን። ያልመጡትን ሰዎች መስመር ከሰል ላይ አቃጠለችው። አንዲት ቁራጭ ብቻ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠች።

አቶ ይልማ በዘጠኝ ሰዓት ሁለት ፖሊስ አስከትሎ ደረሰ። በሩ በሰው ተሞልቷል።

«ደብተሩን!»

ባዶውን የደብተር ሽፋን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «አደራ ነበር፤ ለባለቤቶቹ መለስኩ» አለች። ከዚያ ያቺን ቁራጭ ሰጠችው። «ይቺ የባለቤትዎ ናት። ለሳቸው ያድርሱልኝ።»

ገልጦ አነበበና ፊቱ አመድ መሰለ። በዚያ ዓመት የቤት እመቤት ኢሜይል ለምን እንደምትከፍት ሐዋሳ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፦ የአሜሪካ ዲቪ ሎተሪ ለመሙላት ነው። የእሱ ሚስት ለካ ከዚህ አገር መውጫ ስትፈልግ ኖራለች። እትዬ ሙሉጌጥ ግን ያን አንድ ቃል ከአፏ አላወጣችም። ቢሆንም ሰው መንሾካሾክ ጀመረ።

«እሸጉት!» ብሎ ጮኸ።

በሩን ራሷ ቆለፈችና ቁልፉን ሰጠችው። «ትንሽ ያስቸግራል። ሲከፍቱ ወደ ላይ አንሣ አድርገው ያዙሩት» አለችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀና ብላ፣ በመሀላችን አልፋ ሄደች። እንባዬ መጣ፤ የኮራሁባትን ያህል በራሴ አፍሬ ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ አቶ ይልማ እኔ ቤት መጣ። አዲስ መዝገብ ከፍቼ ሰጠሁት። የሳምንቱ ጽሑፍ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ግዛቸው ወልደጻድቅ፤ አዲስ ከተማ፤ ከጠዋት እስከ ማታ፤ የተዘጋውን ሁሉ ከፍቶ አነበበ።»

«ሌላውስ ሰው?» አለኝ።

«ሌላ ሰው አላየሁም» አልኩና የበሩን ቁልፍ አቀበልኩት።