ስለ እንግሊዝ አየር የጠየቅኩበት ሐሙስ

ታናሽ እህቴ ሼፊልድ ናት፤ እኔ ጆሃንስበርግ። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ትደውልልኛለች። ከአውቶቡስ ወርዳ ዳገቱን ጨርሳ ቤቷ እስክትገባ ድረስ እናወራለን። እናወራለን ስል እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። የምታወራውም ስለ አየሩ ነው።

ይህን አመል ያመጣችው ከእንግሊዞቹ ነው። ሥራዋ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየቤታቸው እየዞረች ማጠብና ማብላት ነው። በር ሲከፈት የመጀመሪያው ቃል ስለ ዝናቡ ነው ትላለች፤ ጤና የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንድ ሽማግሌ ነበሯት። የእሷን ስም አንድም ቀን አስታውሰው አያውቁም። ግን ጠዋት ፀሐይ እንደነበረ፣ ረፋድ ላይ እንደጠቆረ፣ እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ የጎረቤታቸውን የቆሻሻ ገንዳ እንደገለበጠ በቅደም ተከተል ይነግሯታል። እሷም እንደሳቸው ሆነች።

በተለይ ቅጠል የሚረግፍበት ወራት አልቆ ብርዱ ሲገባ ወሬዋ አያልቅም። ጠዋት ወፍራም ካፖርት ለብሳ ትወጣለች፣ ፀሐይ ያስወልቃታል፣ ካፖርቱን ክንዷ ላይ እንዳደረገች ዝናብ ይይዛታል። እርጥቡ ቅጠል አስፋልቱ ላይ ተለጥፎ እንደ ሙዝ ልጣጭ ያንሸራትታል። ጥቅምት ላይ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሱና በአሥር ሰዓት ይጨልማል። እኛ ዘንድ በዚያው ወር ሙቀቱ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ደመና ይሰበሰባል፣ ያጓራል፣ ይዘንባል፣ ያባራል፤ ማንም አያወራበትም። እኔ ዱርንፎንቴን ሰፈር መጋረጃና ብርድ ልብስ ነው የምሸጠው። ለእኔ አየር ማለት ከሁለቱ የትኛውን ከፊት እንደምሰቅል ማወቅ ነው።

ቢሆንም እናታችን እስክትሞት ድረስ ወሬዋን እወደው ነበር። ይህን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም።

እናታችን ሆሳዕና ከተማ ያረፈችው ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት ነው። እኔ የሰማሁት ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። እህቴ በሦስተኛው ቀን ተረድታለች፤ የጸሎት ቤቷ ሴቶች ጎህ ሲቀድ ሄደው በሯን አንኳኩተዋል። መርዶ በስልክ አይነገርም። የሞተበት ሰው ራሱን እንዳይጥል የሚይዙት እጆች አጠገቡ መኖር አለባቸው። እስከዚያ ያወቀ ሁሉ ዝም ይላል። በቤተሰባችን ማን የማንን ሞት መቼ ይስማ የምትለው የአክስታችን ልጅ ናት። ሆሳዕና ተቀምጣ ሁላችንንም፣ ካናዳ ያሉትን ሳይቀር፣ ታሰልፋለች።

እኔን የሚያረዳ ጠፋ። ከዚህ ከተማ ዕድር ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ የነበረች ሴትዮ በሰው ለቅሶ ቤት ስለ እኔ የተናገረችው ጆሮዬ ደርሶ ነው የወጣሁት። ምን እንዳለች አልጽፍም፤ እሷ ታውቀዋለች። የአክስቴ ልጅ ወደ እኔ የሚሄድ ሰው ስታፈላልግ፣ አንዷ ሌላዋን ስትጠብቅ፣ ስድስት ሳምንት ሄደ። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ቤሪያ ሰፈር የምኖርበት ሕንፃ ጥበቃ ከታች ደውሎ ሦስት እናቶች እየመጡ ነው አለኝ። በሩን ስከፍት ከሦስቱ አንዷ ያቺ ጸሐፊ ናት። አፏን ሳትከፍት ገባኝ። ያቺ ሴት ለሌላ ጉዳይ ቤቴ አትመጣም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ቁጭ ብዬ ሐሙሶቹን ቆጠርኩ። ስድስቱንም ሐሙስ እህቴ ደውላለች። በመጀመሪያው ሐሙስ በጠራራ ፀሐይ መሀል በረዶ ወርዶባት ሱቅ ጥላ ሥር ተጠግታ፣ አብራት የተጠለለች አሮጊት፣ ከባርኔጣዋ ላይ በረዶውን እያራገፈች፣ ደስ የሚል ቀን ነው እንዳለቻት ነበር የነገረችኝ። በሁለተኛው ጉሙ ወፍሮ አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ አልፏት ሄደ። በሦስተኛው ሰዓታቸው ተቀየረ። እናቴ ከተቀበረች አራተኛ ቀኗ ነበር፣ እኔ መጋረጃ እያጠፍኩ በእንግሊዝ በረዶ ስስቅ።

ደውዬ የያዝኩትን ሁሉ ነገርኳት። ስድስት ሳምንት ሙሉ እያወቅሽ ዝናብ አወራሽኝ አልኳት። እኔ ብሆን በዚያው ሰዓት እነግርሽ ነበር አልኩ። በስልክ ትነግሪኛለሽ ስትለኝ፣ አዎ፣ በስልክ አልኳት።

«እናያለን እትዬ» አለችኝ። 

ለአክስቴ ልጅም ደወልኩ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ቢሞት ለእኔ በዕለቱ በስልክ ይነገረኝ፣ እነዚያን ሴቶች ወደ ቤቴ እንዳትልኪ ብዬ አስጠነቀቅኳት። ልቤ ደንዳና እንደሆነ ለዘመድ ሁሉ ነገረች። ትንገር።

ከእህቴ ጋር ወራት ተዘጋግተን ቆይተን፣ ይቅር በይኝ ካሰኘኋት በኋላ የሐሙሱ ስልክ ተመለሰ። ግን ስለ አየሩ ስትጀምር እኔ መልስ መስጠት ተውኩ። ስልኩን የስፌት ማሽኑ አጠገብ አስቀምጬ የመጋረጃ ጠርዝ እሰፋለሁ። ዝናቡ እንዴት ነው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ታውቀዋለች፤ የማሽኑን ድምፅ ትሰማለች። እሷም አልተወችም፤ እኔ እየሰፋሁ እሷ ስለ ነፋሱ ትነግረኛለች።

አምና በኅዳር፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ የአክስቴ ልጅ ደወለች። ታላቅ ወንድማችን በልብ ሕመም ሞተ። ቃሌን አክብራ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። ሱቅ ውስጥ ነበርኩ፤ ብርድ ልብሶቹ ላይ ተቀመጥኩ። በስልክ መርዶ መስማት ምን እንደሚመስል የዚያን ዕለት አወቅኩ። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም፤ የጠየቅኩት እኔው ነበርኩ። አንዲት ደንበኛ ገብታ ሳውቦና ጎጎ ብላ በዙሉ ቋንቋ እንደ አያቷ ሰላም አለችኝ፣ ፊቴን አይታ ተመልሳ ወጣች።

የአክስቴ ልጅ ግን አልጨረሰችም ነበር። እህቴ ቅዳሜ ማለዳ ትረዳለች፤ የጸሎት ቤቷ ሴቶች ሥራ ላይ ስለሆኑ ከዚያ በፊት አይመቻቸውም። ብቻዋን እንደምትኖር አስታወሰችኝ፣ ልጇ ሌላ ከተማ ከሄደ ዓመቱ ነው።

«ደም ግፊቷን ታውቂያለሽ» አለችኝ። «በስልክ ሰምታ አንድ ነገር ብትሆን በአንቺ ነው።»

እሺም እምቢም አላልኩም። ሐሙስ ስትደውል ልነግራት ወስኜ ነበር። ለእሷ በማዘን ብቻ አልነበረም። ያልኩትን የማደርግ ሰው መሆኔን ላሳያት ነበር የፈለግኩት። እናያለን ብላኝ የለ፣ እንግዲህ ታያለች። ሁለት ቀን ሙሉ አፌ ውስጥ አመላለስኩት።

ሐሙስ በሰዓቷ ደወለች። እኔ ዘንድ ፀሐይ ገና አልገባችም፣ እሷ ዘንድ ጨልሟል። ከአውቶቡስ መውረዷ ነው። የጠዋቱ አመዳይ ቀኑን ሙሉ ሳይቀልጥ ውሎ ዳገቱ መስታወት ሆኗል አለችኝ። የሰው አጥር ይዤ ነው የምወጣው፣ ከፊቴ አንድ ሰውዬ ሁለቴ ወደቀ፣ ሁለቴም ይቅርታ ጠየቀ፣ ማንን እንደሆነ እንጃ አለች። ትስቃለች። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በዓይኔ መጣችብኝ፣ በዚያ በረዶ ላይ፣ በዚያ ጨለማ፣ አጥሩን ስትለቀው። ቤቷ እስክትገባ ልጠብቅ አልኩ። ዝም ማለት አስፈራኝ። የምለው ጠፋኝና፣

«ነፋስስ አለው?» አልኳት።

የለውም አለች።

«ሌሊት በረዶ ይጥላል ብለዋል?»

እግሯ ቆመ። ጫማዋ በረዶውን ሲያንኮሻኩሽ ይሰማኝ የነበረው ቀረ።

«እትዬ» አለችኝ፣ «አንቺ ስለ አየር ጠይቀሽኝ አታውቂም። ማን ነው የሞተው?»

«መጀመሪያ ቤትሽ ግቢ» አልኳት። ይህንን ማለት መልሱን መንገር ነው፤ አውቃለሁ።

አልጮኸችም። መራመድ ጀመረች። የቀረው መንገድ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፣ እኔ ግን ከዚያ የረዘመ መንገድ ሄጄ አላውቅም። ትንፋሿን እየሰማሁ፣ አጥሩን ያዢ፣ ቀስ በይ እላታለሁ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ወደቀባት። በሩ ተዘጋ። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

«ተቀምጫለሁ» አለች።

ነገርኳት። ስሙን ብቻ ነው የጠራሁት። ሌላ ነገር ማለት አላስፈለገም።

ብዙ አለቀሰች፣ ቀስ ብላ፣ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤት እንዳይሰማ። እኔም አለቀስኩ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ያላለቀስኩትን። መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል አልኳት። ታዲያ ሁለት ቀን ደብቀሽኛል አለች። አንቺ ስድስት ሳምንት ደብቀሽኛል አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር በለቅሶ መሀል መናገር እንደማይገባ አላጣሁትም። ከአፌ ወጣ።

ያኔ ነው እስከዚያ ያልነገረችኝን የነገረችኝ። በዚያ በመጀመሪያው ሐሙስ ልትነግረኝ ነበር የደወለችው። የአክስታችንን ልጅ ትእዛዝ ወዲያ ብላ፣ እንዴት ብዬ ልጀምር ስትል ስለ በረዶውና ስለ አሮጊቷ ቀደመ።

«ሳቅሽ» አለችኝ። «እትዬ፣ ስትስቂ ከሰማሁሽ ዓመታት ሆኖኝ ነበር። ትንሽ ልተዋት አልኩ። በሚቀጥለውም ሐሙስ ሳቅሽ።»

 

ከዚያ ቅዳሜ ሴቶቹ ሲመጡ ምን ላድርግ አለችኝ። አላሰብኩበትም ነበር። ማወቋ ከታወቀ የአክስቴ ልጅ እድሜ ልኬን ስትወቅሰኝ መኖሯ ነው፤ ይህንን እሷም ታውቃለች። አታውቂም፣ አልነገርኩሽም አልኳት። እሺ አለች። ዓርብን ቤቷ ውስጥ ዋለች፣ ለሥራ ቦታዋ አሞኛል ብላ። የለበሰችውን ጥቁር ዓርብ ማታ አውልቃ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው፣ አበባ ያለበት የሌሊት ልብስ ለበሰች። ሶፋው ላይ ያሉትን መሀረቦች ለቀመች። ቅዳሜ ሲያንኳኩ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ቶሎ አልከፈተችም። ይህን ሁሉ ኋላ በዝርዝር ነው የነገረችኝ፣ በትንሽ ኩራትም ጭምር።

ለቅሶዋ ግን ማስመሰል አልነበረም ትላለች። ሁለት ቀን ድምፅ አፍና ያለቀሰች ሰው ናት፤ አሁን የሚይዟት እጆች መጡ፣ ግድግዳው ስስ ቢሆንም ማንም ዝም በይ አላላትም። እንደዚያ ጮኼ አለቀስኩ፣ ለእማማም ጭምር ነበር አለችኝ።

ረፋድ ላይ ደወለችልኝ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነው፤ ሴቶቹ ዙሪያዋን ናቸው። እያወቅሽ ሐሙስ ዕለት ስታወሪኝ አላሳዘንኩሽም ወይ፣ እንደዚህ ትጨክኚ ነበር ወይ እያለች ጮክ ብላ ወቀሰችኝ። ለሴቶቹ ስትል ነው፤ አውቃለሁ። ግን ከወቀሳው ውስጥ እውነተኛው የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ይቅር በይኝ አልኩ። ለእናታችን ሞት እሷን ይቅር በይኝ ያሰኘኋት ትዝ እያለኝ ነው ያልኩት። አንዲት ትልቅ ሴት ስልኩን ተቀበሉና፣ «የኔ ልጅ፣ ደግ አደረግሽ፣ ሆድሽ ችሎ ያዝሽላት፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ። አሜን አልኳቸው።

የአክስቴ ልጅም ደውላ አመሰገነችኝ። እህትሽን ያዳንሻት አንቺ ነሽ አለች። ለዘመዱ ሁሉ ምስጢር መያዝ ከእሷ ተማሩ ብላ እኔን ምሳሌ አደረገች፤ ስድስት ሳምንት የእናቴን ሞት ሳታሰማኝ ያስቀመጠችኝ ሴት። ምስጋናውን ተቀበልኩ። ባልቀበል እህቴ ነበረች የምትጋለጠው።

ስድስቱን ሐሙስ ረስቻቸዋለሁ ማለት አልችልም። እህቴም ሁለቱን ቀን አትረሳም፤ አንዳንዴ ነካ ታደርገኛለች። ያም ሆኖ ከዚያ ወዲህ የአክስቴ ልጅ ታምነኛለች። በዘመድ የታመመም የሞተም ሲኖር መጀመሪያ የምትደውለው ለእኔ ነው፤ ማን መስማት እንደሌለበት ትነግረኛለች። ባለፈው ወር አጎታችን ሆስፒታል ገብተው ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለ ተናገሩ። ለእህትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ጊዜው ሲደርስ እናውቅበታለን አለችኝ። እሺ አልኳት።

ዕለቱ ሰኞ ነበር። ሐሙስን አልጠበቅኩም። ሼፊልድ ደወልኩ፣ እህቴ ሥራ ላይ ነበረች፣ በረንዳ ላይ ወጥታ አነሳች። አጎታችን እየሞቱ ነው፣ ድምፃቸውን መስማት ከፈለግሽ ዛሬ ደውይ አልኳት። ደወለች። ለሦስት ደቂቃ ያህል አነጋግረዋታል። የአክስቴ ልጅ ይህንንም የዚያን ሐሙሱንም የምታውቀው አሁን፣ ከዚህ ስታነበው ነው።