የማርትሬዛዋ ጥላ

ብር በሎሚና በአመድ ሲታሽ የሚያወጣው ኮምጠጥ ያለ ሽታ እስከ ዛሬ ወደ ልጅነቴ ይመልሰኛል። ባለፈው ሳምንት ከሪያድ የተመለሰው የወንድሜ ልጅ ሰይድ ሐይቅ ከተማ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አምባሰል ውስጥ ከአንድ ሟች ሽማግሌ ልጆች የገዛትን የድሮ ማርትሬዛ ብር እያሸ «ኧረ ነይማ አክስቴ፣ ጉድ እይ!» አለኝ። አየሁ። ብሯ ላይ ካለችው ሴትዮ ማጅራት ጀርባ ያቺ ቀጭን ጥላ አለች።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአባቴ ታናሽ እህት ሐዋ ለአምባሰሉ ይማም ልትዳር ሦስት ቀን ሲቀራት፣ የሙሽራው ሽማግሎች መህሯን፣ የጥሎሽ ብሯን፣ አምስት ማርትሬዛ በሻሽ ቋጥረው አመጡ፤ አባቴም «ይችን ሳጥን የነካ እጅ ወዮለት!» ብሎ ቆለፈባት። እኔ ደግሞ እጄ ከተከለከለ ነገር ላይ የማያርፍ ቀበጥ ነበርኩና፣ ቁልፉን ከትራሱ ሥር መንትፌ አንዷን አወጣሁ፤ በደብተር ወረቀት ከፊትም ከኋላም ሸፍኜ በእርሳስ ስፈገፍጋት ሴትዮዋ ከነሙሉ ደረቷ፣ ከማጅራቷም ጀርባ ከቀጭን ጥላ ጋር ብቅ አለች፣ በብሯ ጀርባ ደግሞ ባለሁለት ራሱ ንስር። ብሯን አውጥቼ ወረቀቱን እንደታጠፈ ወደ ፀሐይ ባነሳው፣ ያቺ የማጅራቷ ጥላ ለካ የንስሩ ክንፍ ናት፤ ልክክ! ልጮህ ስል ሳጥኑ ትዝ አለኝና ብሯን መልሼ ወረቀቱን ዋጥሁት፤ ወላሂ፣ አኝኬ ዋጥሁት።

የኒካሁ ዕለት፣ ብር አዋቂ የሚባሉት ሐጂ ሙሔ ብሮቹን አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ እየጣሉ ድምፃቸውን አዳመጡ። አምስተኛዋም እንደ እህቶቿ ጥርት ብላ ጮኸች፤ እሳቸው ግን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ጥላዋን በጥፍራቸው ይጭሩ ጀመር። «ይች ሐሰተኛ ናት፣ የቀጥቃጭ ሥራ» ሲሉ አባቴ «ናቃችሁን!» ብሎ ተነሳ፤ የይማም እናት «ከእናቴ የወረስኋት ናት» እያሉ ማሉ፤ ይማም ሐዋ ያለችበትን መጋረጃ ብቻ ያያል። ጥላዋ የንስሩ ክንፍ ናት የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ የአባቴ ቀበቶም ወገቡ ላይ። ኒካሁ ፈርሶ ሰዎቹ ብራቸውን ቋጥረው ወደ አምባሰል ተመለሱ።

ሰይድ በአጉሊ መነጽሩ እያሳየ አስረዳኝ፤ ብር የሚመቱት የላይና የታች ማኅተሞች መሃላቸው ብር ሳይገባ ከተጋጩ አንዱ የሌላውን መልክ ይይዛል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመታው ብር ያንን ጥላ ይዞ ይወጣል። እውነተኛ ናት፣ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጓታል አለ።

ሐዋ ከጎናችን ተቀምጣ ትሰማለች። ሌላ አግብታ፣ ሦስት ወልዳ፣ ባሏን ቀብራ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። «ሟቹ ስሙ ማን ነበር?» ስትለው ሰይድ «ይማም» አላት።

ሳጥኑንም ወረቀቱንም እያለቀስኩ ነገርኳት። ብሯን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ብዙ አሸቻት።

«አብሽሪ፣ አንቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ቀበቶ ፈራሽ» አለች። «እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከመጋረጃው ወጥቼ ሐሰተኛም ብትሆን እወስዳታለሁ ያላልኩት፣ ምን ፈርቼ ነው?»