የሚያጉረመርመው ቦይለር

ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ውሃ ሲያሞቅ ውሎ፣ ማታ የራሱን እጅ በትንፋሹ እያሞቀ የሚገባ ሰው ነበር። ሰፈሩ «ጋሽ ቦይለር» ይለዋል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ስለጠፋ እሱም ለምዶት፣ ስልክ ሲያነሳ «አቤት፣ ቦይለር ነኝ» ይላል። ደዋዩ ቢስቅ ይስቃል እንጂ እሱ የምሩን ነው።

ሥራውን አሳምሮ ያውቀዋል። የተጠራበት ቤት ገብቶ የካቻቢቴውን ጫፍ ጋኑ ላይ ያስደግፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ልጆች ካሉ ከበው ያዩታል። ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል።

«ለብ ብሎ የሚቀር ከሆነ ቴርሞስታቱ ነው። ጭራሽ ካልሞቀ ማሞቂያው ሽቦ ተቃጥሏል። ብሬከር ከጣለ ግን እልህ ተጋብታችሁ ደጋግማችሁ እንዳታነሱት፤ ጥሩኝ። ይሄ ሁሉ ይድናል። ከሆዱ ካፈሰሰ ግን እኔን መጥራት ምን ያደርግላችኋል፣ ቀባሪ ጥሩ።»

እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቀው ካገኘማ ሻይ ሳይቀርብለት ይሞቀዋል። «ቀዝቃዛው ከታች ይገባል፣ የሞቀው ቀለል ብሎ ከላይ ይወጣል። እንደ ሹመት ነው። ታች የምንቀረው እኔና እናንተ ነን። ደግሞ ውስጡ አንድ ዘንግ አለ፤ የሱ ሥራ መበላት ብቻ ነው። ዝገት ጋኑን ትቶ እሱን ይበላል። ዘንጉ አልቆ ካልተቀየረ ዝገት ሆዬ ፊቱን ወደ ጋኑ ያዞራል።»

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሰው ግን ራሱ ቤት፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር በላይ፣ ለሁለት ዓመት ያልተነካ ቦይለር አንጠልጥሎ ይኖር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ሲፈላ ውስጡ ያለው ኖራ እየዘቀጠ ማሞቂያው ሽቦ ላይ እንደ ቅርፊት ይጋገራል። ከቅርፊቱ ሥር የታፈነው ውሃ መውጫ ሲያጣ ይንተከተካል፣ ያጉረመርማል። ቅርፊቱ ከተጠረገ ድምፁ ይጠፋል። ሚስቱ ታማ አልጋ ላይ የዋለች ጊዜ ሊጠርገው መሰላሉን አምጥቶ ነበር።

«ተወው» አለችው ከአልጋዋ።

«ኧረ ሽቦውን ያቃጥለዋል።»

«ያቃጥለው። አንተ ሥራ ስትውል የሚያናግረኝ እሱ ነው። ከሁለታችሁ ማን ይበልጥ እንደሚያጉረመርም እንኳ አይለየኝም።»

መሰላሉን መለሰው። እሷ ካረፈች በኋላም ቦይለሩን አላወረደውም። ማታ ገብቶ ማብሪያውን ሲጫን መጀመሪያ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ቀጥሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ማጉረምረሙን ይያያዘዋል። ያን ጊዜ ጫማውን ያወልቃል። ቤቱ ሰው ያለበት ይመስለዋል። ዘንጉን ለመቀየር ጋኑን መክፈት ግድ ነው፤ ከከፈተ ደግሞ እጁን አያምነውም። ኖራ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ እጅ አይደለም፤ ሳያስበው ጠርጎ አሳምሮ ይዘጋዋል። ስለዚህ አልከፈተውም። አዲስ ቦይለር ገዝቶ በካርቶኑ እንዳለ ኮሪደሩ ላይ አቁሞታል፤ ቁልፉንና ዳቦውን የሚያስቀምጠው እሱ ላይ ነው።

ውሃው ዝገት መምሰል ጀመረ። አይቶ አለፈው። አንድ ጠዋት ከጋኑ ሆድ አንዲት ጠብታ ወረደች። የፕላስቲክ ሳፋ ከሥሯ አኖረና ወደ ሥራው ሄደ። ሌላ ሰው ይህን ሲያደርግ ቢያይ «በኤሌክትሪክና በውሃ መሃል ሳፋ አስቀምጠህ ልትድን ነው?» ብሎ ያበሻቅጠው ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከሥራ ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ በሩ ተንኳኳ። ታች ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛዋ አዋላጅ ናቸው። ግማሽ ሰፈሩን ያዋለዱ፣ ዛሬ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት። ልብሳቸው ትከሻው ላይ ርሷል።

«ደኅና አመሸህ?»

«ደኅና አመሹ እትዬ። ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም። ኩሽናዬ ጣሪያው አለቀሰብኝ። አንድ ጎበዝ ቦይለር ጠጋኝ እዚህ ሕንፃ ላይ አለ ይሉኛል፣ ታውቀው እንደሆን ብዬ ነው።»

ፊቱ ቀላ። «የሰማሁት አለ። ግን ሰነፍ ነው ይሉታል።»

«ሰነፍ እንኳ አይመስለኝም። ና ውረድና እየው።»

ወርዶ አየ። ከምድጃቸው በላይ ኮርኒሱ ቡናማ ሆኖ አብጧል፤ ከመሃሉ ውሃ ወደ ድስት ይንጠባጠባል። ሳፋው ሞልቶ መፍሰሱ ነው። ለደንበኞቹ የሚላት «ቀባሪ ጥሩ» ምላሱ ላይ መጣችና መለሳት።

«ከሆዱ ነው ያፈሰሰው» አለ በመጨረሻ።

«ታዲያ ከሆድ ካፈሰሰ ምጥ ነው፣ ይውጣ ነዋ። ምን ትጠብቃለህ?»

ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ከዚያ፣ ለማንም ነግሮት የማያውቀውን፣ ዓይኑን ድስቱ ላይ ተክሎ ነገራቸው። ስለ ድምፁ። ሚስቱ «ተወው» ስላለችው። አዋላጇ አላቋረጡትም። ሲጨርስ በእግራቸው ወንበር ገፋ አድርገውለት እሳቸውም ተቀመጡ።

«እኔም እሰማዋለሁ» አሉ። «ማታ ማታ በኮርኒሱ። ሲያጉረመርም፣ እሰየው ሰውዬው ገባ እላለሁ። ባለፈው ከተማው በሙሉ መብራት ሲጠፋ ዝም ብሎብኝ፣ ወድቆ ይሆን እንዴ ብዬ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር።»

«ለምን አላንኳኩም?»

«ምን ልበል? ቦይለርህ ስላልጮኸ መጣሁ ልበል?»

ድስቱ ውስጥ ጠብታ ወረደ።

«አውርደው» አሉት። «ዛሬውኑ። የሞተን ሰው ድምፅ ጠብቃለሁ ብለህ አንተን መብራት ቢይዝህ፣ እሷ ደስ ይላታል?»

«አይላትም።»

«እንግዲያው ሂድ።» ከበሩ ሳይወጣ ግን ድምፃቸው ተከተለው። «እኔ እንግዲህ መግባትህን በምን አውቃለሁ?»

ደረጃውን ወጥቶ ቤቱ ገባ።

ብሬከሩን አጠፋ፣ ውሃውን ዘጋ፣ ጋኑን ባዶ አድርጎ አወረደው። ለመጣል መክፈት አያስፈልግም ነበር። ግን ከፈተው። ኖራው እንደ ተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ዘንጉ ተበልቶ ተበልቶ፣ የቀረው እንደ ሹራብ መሥሪያ የቀጠነ ሽቦ ብቻ ነው። መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ አየው። የሚተካው አጥቶ ብቻውን ሲበላ የኖረ። «ይቅር በለኝ» አለው፤ ዘንጉን ይሁን ሌላ ሰው እሱም አልለየውም።

አዲሱን ሰቀለ። ቧንቧውን አጠበቀ፣ ውሃውን ከፈተ፣ የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ ውሃ ሲፈስ በማየት ጋኑ መሙላቱን አረጋገጠ፣ መጨረሻ ላይ ማብሪያውን ተጫነ። ትንሿ ቀይ መብራት በራች። ካቻቢቴውን አስደግፎ ጆሮውን ለጠፈ። ምንም። ጥሩ ቦይለር እንዲህ ነው፤ ለሰው ሁሉ ሲመኝ የኖረው ይህንኑ ዝምታ ነበር። አሁን ከነጫማው መሃል ቤቱ ላይ ቆሞ መቀመጥ አቃተው። ኮሪደሩ ላይ ካርቶኑ ከነበረበት ቦታ ቁልፉን ሊያነሳ እጁን ሰደደና አየር ጨበጠ።

ከዚያ የአዋላጇ «መግባትህን በምን አውቃለሁ?» ትዝ አለው። የሕንፃው ቋሚ ቧንቧ በሱ መታጠቢያ ቤት በኩል ወደ እሳቸው ኩሽና ይወርዳል። ቧንቧ በብረት አይመታም፤ መጋጠሚያው ይላላል፤ በዚህ ስንቱን ደንበኛ ተቆጥቷል። መፍቻውን አነሳና፣ ቀስ አድርጎ፣ ሁለቴ መታው።

ከላይ ፎቅ የጎልማሳ ድምፅ አንባረቀ። «ማነው ቧንቧ የሚደበድበው? ቦይለር ጠጋኝ ጥሩ እንጂ!»

ሳፋውን ገልብጦ ተቀመጠበትና መፍቻውን ጭኑ ላይ አኖረ። ውሃ በቧንቧው አለፈ፣ ቆመ። የሆነ በር ተዘጋ። ሊነሳ ሲል ከታች፣ በማንኪያ ይመስላል፣ ቀጭን ድምፅ በብረቱ ላይ ሁለቴ አቃጨለ።

ጫማውን አወለቀ።