ወንዝ የሌለው መሻገሪያ

ማክሰኞ፦ ከወልድያ ሰቆጣ

ጎህ ሲቀድ ወልድያ መናኸሪያ ስደርስ ትከሻዬ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከቁመቴ የማያንስ ብረት ነበር። የአፈር መሰርሰሪያ ነው። ሥራዬ የጥንት ከተሞች ከወንዞቻቸው ጋር እንዴት እንደኖሩ ማጥናት ነው፤ ሌላው ሰው ፍርስራሹን ሲያይ እኔ ከሥሩ ያለውን ደለልና ጠጠር አያለሁ። የዚህ ጉዞ ምክንያት ሞላ ነው። ሰቆጣ ተወልዶ ያደገ የታሪክ መምህር ሲሆን፣ አበርገሌ ቆላ ውስጥ ስላየው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ በስልክ ነግሮኝ አንድ ጥያቄ አከለበት። «ወንዙ ያለው ግማሽ ሰዓት ቁልቁል ተወርዶ ነው። እነዚያን ሁሉ ቤቶች የሠሩ ሰዎች ምን ይጠጡ ነበር?»

መልሱን ለመፈለግ የነበረኝ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት የተሰጠኝ አራት ቀን ብቻ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ብረቱን ሲያዩት ቆዩና አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ ይህ ለምን ይሆናል?»

«አፈር ማውጫ ነው፣ እማማ።»

«ወርቅ ትፈልጊያለሽ?»

«ኧረ ጭቃ ነው የምፈልገው።»

ወደ ኋላ ዞረው ለተሳፋሪው ሁሉ አሰሙ፦ «ጭቃ ፍለጋ ሰቆጣ ድረስ ትሄዳለች!» ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ የሚያጫውተኝ ሰው አላጣሁም። የድልብን ዳገት በብርድ ወጣን፤ ቢልባላ ላይ ወርደን ምሳ በላን፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ በአቧራ ቀለማችንን አንድ አደረገው። ሰቆጣ ስንገባ ሞላ ባጃጅ ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። እስክታጠብ ድረስ አላወቀኝም።

ማታ ሽሮ በልተን ነጩን የአካባቢውን ማር በዳቦ እያጣጣምን ሳለ ሞላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የዚያ ቀበሌ ሰዎች የውኃ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው። ሁለት ጊዜ ደረቅ ወጣባቸው። ብረት ይዘሽ ሲያዩሽ ውኃ ልታወጪ የመጣሽ ይመስላቸዋል።»

ማሩ አፌ ውስጥ ቀረ።

ረቡዕ፦ ወደ ቆላው

ወደ ኒሯቅ የሚሄድ አይሱዙ ላይ፣ በእህል ጆንያዎች መካከል ተቀመጥን። ሁለት ፍየሎችም ነበሩ፤ አንደኛዋ የማስታወሻ ደብተሬን ጥግ በላችልኝ። በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ከላይ የለበስኩትን ሹራብ ግማሽ መንገድ ላይ አወለቅሁ። ኒሯቅ ሳንደርስ ወርደን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን።

ፍርስራሹ ጉብታ ላይ ነው። ወገብ የሚደርስ የግድግዳ ቅሪት፣ የተነጠፈ መንገድ፣ በየቦታው የሸክላ ስብርባሪ። ከጉብታው ሥር የአያ ኪሮስ የማሽላ ማሳ ተዘርግቷል። አያ ኪሮስ የጉድጓድ ቆፋሪዎቹ አስተባባሪ ናቸው። ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ፈገግታቸውን የሚደብቁ ሰው። እንደፈራሁት፣ ከሰላምታ በፊት ዓይናቸው ብረቱ ላይ አረፈ።

«አንድ ሰው መጥቶ ጠቆመን፣ ሁለት ጊዜ ቆፈርን፣ ሦስት ጊዜ በሚስቶቻችን ተሰደብን» አሉ። «አንቺስ የት ልትጠቁሚ ነው?»

«እኔ ውኃ ፈላጊ አይደለሁም፣ አያ። ወንዙ በድሮ ጊዜ የት ይሄድ እንደነበር ነው የማጠናው።»

«የዛሬው መቼ በቃንና የድሮውን!»

ሁላችንም ሳቅን፤ ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ጉልበት ያላቸው ልጆቻቸው ለሥራ ሳዑዲና አዲስ አበባ ሄደዋል፤ የቀሩት ሰዎች አንድ ጉድጓድ ብቻ ለመጨመር የሚበቃ አቅም ነው ያላቸው። እሱም ደረቅ ከወጣ ሴቶቹ ውኃ ከወንዝ እየቀዱ ዳገቱን መውጣታቸው ይቀጥላል።

የከተማው ግድግዳ የተሠራባቸው ድንጋዮች ገረሙኝ። ክብ ናቸው፤ እንደ ዳቦ የለሰለሱ። እንዲህ የሚያለሰልስ ውኃ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከጉብታው በታች፣ ወደ ዛሬው ወንዝ በኩል ሰረሰርኩ። አምስት ቦታ። አምስቱም ያው ደረቅ ቀይ አፈር። መዳፌ ተላጠ፤ ሞላም ቀልዱን ተወ።

ሐሙስ፦ መሻገሪያ

ጠዋት የአያ ኪሮስ ባለቤት ወይዘሮ ትበርህ ቂጣና እርጎ ይዘውልን መጡ። እጄን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ለምን እዚያ ደከምሽ? ለምን መሻገሪያው ላይ አትሞክሪም?»

«የቱ መሻገሪያ?»

ማሳቸውን አመለከቱኝ። ስሙን በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣንጋ ነገሩኝ፤ ሞላ «የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው» ብሎ ተረጎመልኝ።

«ምን ይሻገሩበታል? ወንዝ የለም እኮ!»

«እንጃ። እናቴም እንዲሁ ነበር የምትለው።» ቀጥለው እንደ ተራ ነገር እንዲህ አሉ፦ «አያ ኪሮስ ግን ይህን ማሳ አይወዱትም። መካከሉ ላይ ያለው ማሽላ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርስ። ይኸው ተመልከቺ።»

ተመለከትኩ። ኅዳር ነው፤ ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆኗል። በመካከሉ ግን እንደ እባብ የተጠማዘዘ አረንጓዴ መስመር ከጉብታው ሥር ተነሥቶ እስከ ማሳው ጫፍ ይሄዳል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ቂጣውን ሞላ እጅ ላይ ጥዬ ሮጥኩ።

አረንጓዴው መስመር ላይ የሰረሰርኩት የመጀመሪያው ቀዳዳ ሸክላ አፈር ብቻ አወጣ። ሁለተኛው ላይ፣ ብረቱ ከግማሽ በላይ ሲገባ፣ ድምፁ ተለወጠ፤ ይንኮሻኮሽ ጀመር። ሳወጣው ጫፉ ላይ ጥቁር ጭቃ፣ የከሰል ፍርፋሪ፣ ከጥፍር ያነሱ የውኃ ቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ነበሩ። ከዚያ ሥር ክብ ጠጠር። ጠጠሩን በመዳፌ ጨበጥኩት፤ እርጥብ ነው።

የከተማው ሰዎች ወንዛቸው ደጃፋቸው ላይ ነበር። ከጊዜ በኋላ አቅጣጫውን ቀይሮ ቁልቁል ወርዷል፤ የድሮው መሄጃውም በጭቃ ተሞልቶ ማሳ ሆኗል፤ ማሽላውን የሚያዘገየው የእሱ እርጥበት ነው። ወንዙ ቀድሞ ሄዶ ይሁን ሰዎቹ፣ እስካሁን አላውቅም።

አያ ኪሮስ ጠጠሩን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አገላበጡት። «እዚህ ብንቆፍር ውኃ እናገኛለን?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ሁሉም ከንፈር ከንፈሬን ያያሉ።

«ውኃ ለመኖሩ መማል አልችልም፣ አያ። ወንዝ እዚህ ያልፍ እንደነበር ግን እምላለሁ። እንዲህ ያለ ጠጠር ከሥር ውኃ ሊይዝ ይችላል፤ ላይዝም ይችላል።»

«ያ የጠቆመን ሰው ምሎ ነበር» አሉ። «ውኃው ግን አልሰማውም።» ከዚያም ያልታጨደውን አረንጓዴ ማሽላቸውን አዩ፤ ባለቤታቸውን አዩ። ወይዘሮ ትበርህ ማጭድ አምጥተው ራሳቸው ማጨድ ጀመሩ።

ዓርብ፦ መመለስ

ጠዋት ዶማና አካፋ የያዙ ሰዎች ማሳውን ሞሉት። እስከ እኩለ ቀን ከእነሱ ጋር ቆፈርኩ፤ ከምቆፍረው ይልቅ የማስቀው ይበዛ ነበር። ስንሰናበት ጉድጓዱ ጠጠሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ውኃ ግን ገና አልታየም። ሰቆጣ አድረን፣ ቅዳሜ ሞላን ተሰናብቼ አንድ ጆንያ አፈር ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጭነቱን የሚያስተካክለው ሰው «ወልድያ አፈር ጠፋ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቤቴ ገብቼ የአፈሩን ናሙናዎች ስም በየፌስታሉ ላይ ስጽፍ ሳለሁ፣ በራሴ አፈርኩም ሳቅሁም። ይህን ያህል ዓመት አፈር ሳጠና መሬቱን የሚያርሱትን ሰዎች «ይህን ቦታ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ መጠየቅን ከብረቱ በፊት አስቀምጬው አላውቅም ነበር። አሁን የመስክ መመዝገቢያ ቅጼ የመጀመሪያ መስመር እሱ ሆኗል።

ሰባት ቀን ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። የሞላ ቁጥር ነው፤ ጉድጓዱን ሊያይ ወርዶ ኖሮ ድምፁ ግን የወይዘሮ ትበርህ ነበር። በስልክ ካልጮኹ የማይሰማ ይመስላቸዋልና ይጮኻሉ።

«ልጄ! ጉልበት ድረስ ነው!»

«ምኑ?»

«ውኃው ነዋ! መጀመሪያ ደፍርሶ ነበር፤ አሁን ጠራ። እኔ ትናንት ጠላ ጠነሰስኩበት!»